ትንሽ ካሜራ ላይ ትልቅ ሌንስ፦ የትራይፖዱ ፕሌት ሌንሱን እየነካብኝ ተቸግሬያለሁ

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። ሁለት ወር ሙሉ ታገልኩ፣ አልሆነልኝም።

ካሜራዬ ሶኒ ኤ6400 ናት። ትንሽ ናት፤ ከነባትሪዋና ከነካርዷ 403 ግራም። ለወፍ ብዬ ብዙ ጊዜ ቆጥቤ ሩቁን የሚያቀርበውን የሶኒን 70-350 ሌንስ ገዛሁ። ሌንሱ ብቻውን 625 ግራም ነው፤ ካሜራዋን ይበልጣታል። ትራይፖድ (የካሜራ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ የሚታሰርበት የራሱ እግር የለውም። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው በካሜራዋ ሆድ ላይ ባለችው አንዲት ቀዳዳ ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፕሌቱን፣ ማለትም ካሜራዋን ከትራይፖዱ ጋር የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ ብረት፣ ከካሜራዋ ሥር ሳስር የፊት ጠርዙ የሌንሱን ሆድ ይነካዋል። ሌንሱ ወፍራም ስለሆነ ከካሜራዋ ወለል ወደ ታች ወረድ ይላል። ብሎኑን ጠበቅ ባደረግሁ ቁጥር ፕሌቱ ሌንሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከኋላ በኩል ደግሞ ፕሌቱና ካሜራዋ ይለያያሉ፤ ጥፍሬ ይገባበታል። ባለፈው ሌንሱን ገልብጬ ሳየው ሥሩ ላይ ጥቁሩ ቀለም ተፍቆ ነጭ ጭረት ወጥቷል። ልቤ ነው የተሰበረው።

ሁለተኛው መዞር ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ነበርኩ። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው የሚገቡበት ሰዓት ነው። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው ዓሣ የሚበልቱት ልጆች አጠገብ ተሰልፈዋል። እኔ የፈለግሁት ግን ዓሣ አዳኙን ንስር ነበር፤ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነውን። ዛፍ ላይ ቁጭ እንዳለ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁት። ሲነሳ ሌንሱን በእጄ ገፋ አድርጌ ልከተለው ስል የትራይፖዱ ራስ አልዞረም። ካሜራዋ ፕሌቱ ላይ ዞረች። ንስሩ ውኃውን ነክቶ ተነሳ፤ እኔ ያነሳሁት ባዶ ሐይቅ ነው።

ያለኝ ፕሌት አርካ ስዊስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር፣ ላዩ ላይ ጎማ ያለው። ምን ላድርግ? ሌላ ፕሌት ልግዛ? ወይስ ሌንሱን ሸጬ እግር ያለው ልፈልግ? እውነቱን ለመናገር ለሁለተኛው አቅሜ አይፈቅድም።

የሰርግ ፎቶ (አዳማ)

እህቴ፣ መዞሩ ቀላል ነው። የፕሌቱ ብሎን ራስ ላይ ያለውን ስንጥቅ በሳንቲም ይዘሽ እስኪበቃው አጥብቂው። በጣት ብቻ አይይዝም። እኔ ሰርግ ላይ ጠዋት አንድ ጊዜ በሳንቲም አጠብቃለሁ፣ እስከ ማታ አይነቃነቅም። ለሚነካው ደግሞ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠሽ ሁለት ሦስት ድርብ አድርገሽ በመሐል አስገቢ። ካሜራዋ ከፍ ትልልሻለች።

ቶርኖ ቤት (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ሳንቲሙን ለጊዜው አስቀምጪው። የአዳማው ወንድማችን በአጭር ሌንስ ስለሚሠራ ሆኖለታል፤ እውነቱን ነው። ያንቺ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

እኔ ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። ልጄ ፎቶ አንሺ ስለሆነ የእሱና የጓደኞቹ የተሰበረ ትራይፖድ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ጥርሱ የተበላ የካሜራ ቀዳዳ ነው። ሰው ስንት ዓመት ቆጥቦ የገዛው ካሜራ በአንድ ብሎን ምክንያት ትራይፖድ ላይ መቆም አቅቶት ሲመጣ ያናድዳል።

መጀመሪያ ምን እየሆነ እንዳለ ተረጂው። ብሎኑ ካሜራዋን ወደ ታች ይስባታል። የፕሌቱ ጠርዝ ሌንሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ልክ ሚስማር በመዶሻ ጅራት እንደሚነቀለው ማለት ነው። መሐል ላይ ፍዳውን የሚያየው ሌንሱና ካሜራዋ የሚጋጠሙበት ቀለበት ነው። የሌንሱ ጭረት ቆዳ ብቻ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ቀለበቱ ነው። ስለዚህ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ያንን ፕሌት ከዚያ ሌንስ ጋር አትሰሪው።

ካሜራዋ ጥፋት የለባትም፤ ሌንሱም የለበትም። ሒሳቡ ነው። የካሜራዋ ቁመት 66.9 ሚሊሜትር ነው። የሌንስ አፏ በግምት መሐል ላይ ነው ብንል ከአፏ መሐል እስከ ወለሏ 33 ተኩል ገደማ ይሆናል። የሌንስሽ ውፍረት 77 ነው፤ ግማሹ 38 ተኩል። ልዩነቱ 5 ሚሊሜትር። ያ 5 ሚሊሜትር ነው ከካሜራዋ ወለል በታች የሚንጠለጠለው። ትልቅ ካሜራ ላይ ይህ የማይታየው ካሜራው ራሱ ረጅም ስለሆነ ነው።

መፍትሔው ካሜራዋን ከፕሌቱ ከፍ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የአዳማው ወንድማችን ሐሳቡ ልክ ነው፣ ዕቃው ነው ልክ ያልሆነው። የውስጥ ጎማ ድርብ ሲሆን ይለመጣል። እስከ 350 ሚሊሜትር አጉልተሽ ስታነሺ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ካሜራዋ ጎማው ላይ ትወዛወዛለች። ፍሬም አስተካክለሽ እጅሽን ስታነሺ ደግሞ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል። አሉሚኒየም ይሁን።

10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ፈልጊ፤ ካሜራዋ የምታርፍበት ቦታ 8 እንዲሆን ይላግ። 5 ለሚንጠለጠለው፣ 3 ለመተንፈሻ። ወርዱ ካሜራዋ ወለል ላይ ያብቃ፤ ወደ ፊት ከሌንሱ ቀለበት አያልፍ። ርዝመቱ ደግሞ የባትሪውን በር እንዳይዘጋ ተለክቶ ይቆረጥ። ከኋላ በኩል 2 ሚሊሜትር ቀና ያለ ከንፈር ይተውለት። ያ ከንፈር የካሜራዋን ጀርባ ይደገፋል። ካሜራዋ መዞር ብትፈልግ ከንፈሩ አያስዞራትም። መዞርን የሚከለክለው እሱ ነው፤ የብሎን ጉልበት አይደለም።

አሁን ወደ ብሎኑ። እባክሽ ይህንን ቀስ ብለሽ አንብቢ።

የካሜራ ቀዳዳ በኢንች ነው የሚለካው። ሩብ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ። በሚሊሜትር ስናስበው ውፍረቱ 6.35፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.27 ነው። ብሎን መሸጫ ሄደሽ ካሜራሽን ብታሳዪ ብዙዎቹ የሚያወጡልሽ የ10 ቁልፍ ብሎን ነው። ያ የ6 ሚሊሜትር ብሎን ነው፤ ጥርሱ በ1 ሚሊሜትር ይሄዳል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ሲገባም ሁለት ዙር እሺ ብሎ ይገባል። ከዚያ ይነክሳል። «ትንሽ ጠንከር ብሏል» ብለሽ በቁልፍ ከገፋሽው የካሜራዋን ጥርስ ይዞት ይሄዳል። እኔ ጋ ከመጡት ቀዳዳዎች አብዛኞቹ የተበሉት እንዲህ ነው። ትክክለኛው ብሎን በሁለት ጣት እስከ መጨረሻው ሰተት ብሎ ይገባል። ካልገባ የሱ አይደለም።

ከየት ታገኛለሽ? ከተሰበረ ትራይፖድ ወይም ከአሮጌ ፕሌት። የፎቶ ቤት መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም።

ርዝመቱ። የካሜራሽ መመሪያ ከ5.5 ሚሊሜትር ያነሰ ብሎን ተጠቀሙ ይላል። ካሜራዋ ውስጥ የሚገባው ማለት ነው። እኛ 5 እንበል። የፕሌትሽን ብሎን ራስ ከሚያርፍበት እስከ ላይኛው ገጽ ለኪው፤ ብዙዎቹ 4 አካባቢ ናቸው። 4 ለፕሌቱ፣ 8 ለአሉሚኒየሙ፣ 5 ለካሜራዋ፤ 17 ሚሊሜትር። ሦስት ሩብ ኢንች ርዝመት ያለው ብሎን 19 ነው፤ 2 ሚሊሜትር ትቆርጪለታለሽ። ረጅም ብሎን ሁለት ጉዳት አለው። ጫፉ የቀዳዳውን ጣራ ይገፋል። ያኔ «ጠበቀ» የሚል ስሜት ይሰጥሻል፣ ፕሌቱ ግን ገና አልያዘም።

ስትቆርጪ መጀመሪያ የሱን ዳዶ አስገቢበት። ከዚያ ሞርሳ ላይ ይዘሽ በሴጌቶ ቁረጪ፣ ጫፉን በሞረድ አለስልሺ። ዳዶውን ስታወጪው የተቆረጠውን ጥርስ እያስተካከለ ይወጣል። ይህን ያላደረገ ሰው ነው የተንጋደደ ጥርስ ካሜራ ውስጥ የሚከተው።

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እንዳሉኝ ፕሌቱን ፈትቼ አስቀምጬዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ፕሌቱ ላይ ያለው ጎማ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ሌላው፣ የካሜራዋን ስክሪን ወደ ታች አውርጄ ከፍ ካለ ቦታ የማነሳበት ጊዜ አለ። ከኋላ ያለው ከንፈር አይነካውም?

ቶርኖ ቤት (አዲስ አበባ)

ጥሩ ጠየቅሽ። ጎማው ይውጣ። አሉሚኒየሙና ፕሌቱ ብረት ለብረት ይቀመጡ። ግን በአንድ ብሎን ብቻ ከተያዙ አሁን የምትዞሪበት ቦታ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ አንዱ በካሜራዋና በአሉሚኒየሙ መሐል፣ ሌላው በአሉሚኒየሙና በፕሌቱ መሐል። ስለዚህ ከፕሌቱ ሥር በ3 ሚሊሜትር ብሎን ሁለት ቦታ ይጋጠሙ። ራሳቸው ፕሌቱ ውስጥ ይስመጥ። ጎልቶ ከወጣ ፕሌቱ ትራይፖዱ ላይ በደንብ አይተኛም።

ካሜራዋ በምታርፍበት በኩል ግን ስስ ነገር ይኑር፤ ጃኬት ከሚሠራበት ስስ ቆዳ በቂ ነው። ከግማሽ ሚሊሜትር አይብለጥ። ቀለሟን ይጠብቃል፣ አይለመጥም።

ስክሪኑን በተመለከተ፣ ባለሙያው ከንፈሩን ከማውጣቱ በፊት ካሜራዋን ይዘሽ ሂጂና ስክሪኑን አውርደሽ አሳዪው። መሐሉ ላይ ቢነካ ከንፈሩን መሐል ላይ ሞርዶ ግራና ቀኝ ብቻ ይተወው። ሁለት ትንንሽ ጆሮ ይበቃል። እንዲያውም ከአንድ ረጅም ከንፈር ይልቅ የተራራቁ ሁለት ጆሮዎች ይሻላሉ።

ሲያልቅ በወረቀት ፈትሺው። ሌንሱን እስከ 350 አውጥተሽ፣ ትራይፖዱ ላይ አስረሽ፣ አንድ ተራ የደብተር ወረቀት በሌንሱና በፕሌቱ መሐል አሳልፊ። ከዳር እስከ ዳር ሳይያዝ ማለፍ አለበት። ከዚያ የሌንሱን አፍንጫ በአንድ ጣት ቀስ ብለሽ ወደ ታች ተጫኝና እንደገና አሳልፊ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ጋሼ ያሉሽን አድርጊ። እኔ የምጨምረው እግር ያለው ሌንስ ላላቸው ነው፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል።

እኔ ያለኝ ሶኒ ኤ6600 እና የሶኒ 200-600 ነው። ካሜራው 503 ግራም፣ ሌንሱ 2115 ግራም። ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በኅዳር ሳስኩሃና ወንዝ ላይ ያለው የኮነዊንጎ ግድብ ጋ ራሰ በራው ንስር ይሰበሰባል። ከእኛ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። የመጀመሪያ ቀን ስሄድ ፕሌቱን ካሜራው ሥር አስሬ ነው የሄድኩት። አጠገቤ የቆመ ሽማግሌ አይቶኝ ምንም ሳይናገር እጁን ሌንሱ ሥር አስገብቶ ደገፈልኝ። ከዚያ ነው የነገረኝ።

እንዲህ ያለ ሌንስ ላይ ፕሌቱ የሚታሰረው ሌንሱ እግር ላይ ነው። ካሜራው ከኋላ ተንጠልጣይ ነው። የካሜራው ሥር ባዶ ይሁን። ፕሌቱ ረጅም ይሁን፤ እኔ ባለ 12 ሳንቲሜትር ነው የምጠቀመው። ሌንሱን ከነካሜራው ትራይፖዱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተትኩ ሚዛኑን እፈልጋለሁ። እጄን ስለቅ ወደ የትም ማዘንበል የለበትም። 200-600 ሲያጎላ ርዝመቱ አይለወጥም፤ አንዴ ሚዛኑን ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ ነው። ያንቺ ግን ስለሚረዝም ሚዛኑን በ350 አድርጊው፤ ወፍ ላይ የምትውይው እዚያ ነው።

እግሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ካለ ሁለቱንም ተጠቀሙ፤ ሁለት ብሎን አይዞርም። አንድ ብቻ ከሆነ ከንፈር ያለው ፕሌት ፈልጉ። ከፕሌቱ ሥር፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ያሉትን ትንንሽ ማቆሚያ ብሎኖች አታውጧቸው። እኔ አንዴ ቦርሳ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ ብዬ አወጣኋቸው። በጓንት ሆኜ መያዣውን በደንብ ሳላጠብቅ ሌንሱን ወደ ታች ሳዘነብል ሁሉ ነገር ተንሸራትቶ ወጣ። በጉልበቴ ነው ያስቀረሁት። ማቆሚያዎቹ ቢኖሩ ጫፉ ላይ ይይዙት ነበር።

አንድ ሌላ ነገር። አርካ ስዊስ ዓይነት የሚባሉ ፕሌቶች ሁሉ እኩል አይደሉም። በሚሊሜትር ክፋይ ይለያያሉ። የትራይፖድሽ መያዣ እየተሽከረከረ የሚጠብቅ ከሆነ ልዩነቱን ይሸፍናል። ባንዴ ጠቅ ብሎ በእጀታ የሚዘጋ ከሆነ ግን የአንዱ ሠሪ ፕሌት እዚያ ላይ ላላ ሊል ይችላል። አዲስ ፕሌት ከገዛሽ ካሜራ ሳታስሪበት ባዶውን ዝጊና በእጅሽ ነቅንቂው።

ትራይፖድ ላይ ሳለ የካሜራዋን ማንገቻ አንገትሽ ላይ አታድርጊ፤ ዘወር ስትይ ይጎትተዋል።

የሰርግ ፎቶ (አዳማ)

ጋሼ፣ እኔም ተምሬያለሁ። የራሴን ብሎን አውጥቼ በካሊበር ለካሁት። ካሜራዬ ውስጥ የሚገባው 6 ተኩል ሆኖ ተገኘ። ፕሌቱን ስገዛ የመጣው ብሎን ጠፍቶብኝ ከሌላ ያመጣሁት ነበር። በሳንቲም ሳጠብቅ የነበረው ምኑን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ዛሬውኑ አሳጥረዋለሁ። እህቴ፣ ስለ ምክሬ ይቅርታ።

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ምንም አይደል ወንድሜ፤ ያንተ ሐሳብ ባይኖር ጋሼም አይጽፉልኝም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው። እዚህ ሐዋሳ አንድ የብረታ ብረት ቤት ወሰድኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ልክ ጋሼ እንዳሉት መጀመሪያ ያወጣልኝ የ10 ቁልፍ ብሎን ነው። «ይገባል እኮ እናቴ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ሁለቱን ብሎኖች ጎን ለጎን አድርጌ ጥርስ ለጥርስ አጋጠምኳቸው። የመጀመሪያው ጥርስ ይገጥማል፤ ሁለተኛው ላይ ክፍተት ይታያል፤ ሦስተኛው ላይ ጥርስ በጥርስ ላይ ይወጣል። እሱም ገርሞት ብርሃን ላይ ይዞ አየው። መጨረሻ ላይ ብሎኑን ያገኘሁት ከአንድ ፎቶ ቤት፣ እግሩ ከተሰበረ አሮጌ ትራይፖድ ነው። ባለቤቱ በነፃ ሰጡኝ።

አሉሚኒየሙ ካሜራዋ የምታርፍበት ቦታ ላይ 8 ሚሊሜትር ነው። ስክሪኑ ነካ ስላደረገው መሐሉን ሞርዶ ሁለት ጆሮ ተወለት። የባትሪው በር ይከፈታል። ከላይ የለጠፍኩት ቆዳ ከአባቴ አሮጌ ቦርሳ ነው። የደብተሩ ወረቀት አለፈ። በጣቴ ተጭኜም አለፈ።

ትናንት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወጣሁ። ንስሩ አልመጣም። ግን ሸምበቆው ላይ ያቺ ትንሿ ሰማያዊ ዓሣ አዳኝ ወፍ ነበረች፤ ምንቃሯ ቀይ፣ ከመዳፌ የማትበልጥ። ስትጠልቅና ተመልሳ ስትቀመጥ፣ ስትጠልቅና ስትቀመጥ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሌንሱን እየገፋሁ ተከተልኳት። የትራይፖዱ ራስ ዞረ፤ ካሜራዋ ፕሌቱ ላይ ንቅንቅ አላለችም። አንዱ ፎቶ ላይ ምንቃሯ ላይ ያለችው ዓሣ ዓይኗ ሳይቀር ይታያል።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አሉሚኒየሙን ከፕሌቱ ጋር ያጋጠሙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ባጃጅ ላይ እየተንቀጠቀጡ እንዳይላሉ ምን ላድርግ?

ቶርኖ ቤት (አዲስ አበባ)

ደስ ብሎኛል ልጄ። ልጁንም አመስግኚልኝ፤ ብርሃን ላይ ይዞ ማየቱን ወድጄለታለሁ።

ለሁለቱ ትንንሽ ብሎኖች ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) አንዳንድ ጠብታ አድርጊና አንድ ቀን አሳድሪው። ቀዩን አይደለም፤ ቀዩ ካለ እሳት አይፈታም። ካሜራዋ ውስጥ ለሚገባው ብሎን ግን ምንም አታድርጊ፤ ደረቅ ይሁን። እሱን ከባጃጅ ስትወርጂ በጣትሽ ነካ አድርገሽ እዪው።